ወረፋ መያዝን ሊከለክሉ ለተነሡት ለክቡር ሚስተር ፎዘርጊል

ለግሪምስዌት ከተማ ምክር ቤት የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ
ለክቡር ሚስተር ላየነል ፎዘርጊል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ እላለሁ። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ሲፈርም ውሎ ሲፈርም የሚያመሸውን ያን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። በዚህ መጸው ብቻ ከቢሮዎ የወጡትን ትእዛዞች ስመለከት ይህ እጅ መቼ ያርፍ ይሆን እያልኩ ከልቤ እሰጋለሁ። ለባለቤትዎና ለውሻዎም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ውሻው በአደባባዩ ላይ ያለ ፈቃድ ከሌሎች ሁለት ውሾች ጋር ቆሞ አይቼዋለሁ፣ ግን ለማንም አልናገርም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተጋብዤ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነዋሪዎች ስለ አዲሱ የትእዛዝ ማሻሻያ አስተያየታቸውን እንዲልኩ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በምክር ቤቱ ስም ተለጥፏል። እርግጥ ነው የተለጠፈው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ነው። እርግጥ ነው ከላዩ ላይ የጠፋች ድመት ፎቶ ተደርቦበታል። ድመቷ ከተገኘች ቆይቷል፣ ፎቶዋ ግን እስካሁን እዚያው አለ። ማን ደረበው፣ ለምን አልተነሣም ብዬ ክፉ አላስብም። እኔ ክፉ አሳቢ ሰው አይደለሁም፤ እጠይቃለሁ እንጂ።

ምናልባት የማያውቁኝ ከሆነ፣ ስሜ ጄድ ሃርግሪቭዝ ይባላል። በከተማችን መሥራች ሐውልት ራስ ላይ ብርቱካናማ ሾጣጣ የመንገድ ኮን የጫነውን ሰው ለማግኘት ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር አሉ። ስለዚያ ጉዳይ የማውቀው ነገር የለም። ኮኑ ግን አምሮበት ነበር። ትምህርቴን እንደ ደንቡ አልጨረስኩም፣ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሕግ ቃል አጣምሜ ካገኙ ያቃኑልኝ፤ የእርስዎ ቢሮ ቃል በማጣመም ልምድ ስላለው ማቃናቱም አያቅተውም።

ማሻሻያው እንዲህ ይላል። ቀድሞ በአደባባዩ ላይ የተከለከለው ከሁለት ሰው በላይ ሆኖ፣ ያለ ፈቃድ፣ የጋራ ሐሳብ ለመግለጽ መሰብሰብ ነበር። አሁን ደግሞ «ወይም ምክንያቱ በግልጽ በማይታይ ወረፋ መቆም» የሚል ይጨመርበታል። ከሰኞ ጀምሮ ይጸናል። ሐሙስ ደግሞ የሚስስ ታታርሶል ጉዳይ ፍርድ ቤት ይታያል። ሰኞ ከሐሙስ ቀድማ መምጣቷ የቀን አቆጣጠር ጉዳይ እንጂ የማንም ተንኮል እንዳልሆነ አምናለሁ፣ ቢያንስ ለማመን እየሞከርኩ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ የነበረችውን የነፃ ሕግ ምክር ክፍል ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። በዚያች ክፍል ሚስ ረሃና ቻውድሪ የሚባሉ ጠበቃ፣ አከራዩ ያስቸገረውን፣ አሠሪው ያለ ምክንያት ያባረረውን፣ ደብዳቤ መጥቶለት ያልገባውን ሰው ሁሉ ተቀብለው በነፃ ያማክሩ ነበር። የተዘጋችው ለዕድሳት ነው ተባልን። ደስ አለን። እኔም የዕድሳቱን ሂደት ለመከታተል በየጊዜው ብቅ አልኩ። ቀለም ቀቢ አላየሁም፣ መሰላል አላየሁም፣ አንዲት ሚስማር ስትመታ አልሰማሁም። የታደሰው የበሩ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱ እንኳን በደንብ ታድሷል፤ የሚስ ቻውድሪ ቁልፍ አይገባበትም።

ክፍሏ የተዘጋችው ደግሞ በወንዙ ዳር ያለው ፈርንሊ ኮርት የተባለው የምክር ቤቱ ሕንፃ ነዋሪዎች «ውጡ» የሚል ደብዳቤ በደረሳቸው ሳምንት ነው። አጋጣሚ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንጸባራቂ ጫማ ያደረጉ ሰዎች ከሕንፃው ጣሪያ ላይ ቆመው ወንዙን ፎቶ ሲያነሡ ታይተዋል። እሱም አጋጣሚ ነው። ግሪምስዌት የአጋጣሚ ከተማ እየሆነች ነው ክቡር ሆይ፣ እኛ ድሮ የምናውቃት በዝናቧ ነበር።

ሚስስ ዊኒፍሬድ ታታርሶል ማን እንደሆኑ ለሚጠይቅ አንባቢ ላስረዳ፣ እርስዎ ሊያባርሯቸው ስለተነሡ በስም ያውቋቸዋል። ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ የትምህርት ቤት ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወንድማቸው ኧርነስት በፈርንሊ ኮርት የላይኛው ፎቅ ላይ ተከራይ ነበሩ። ሲታመሙ እህታቸው የራሳቸውን ቤት ለቀው ገቡና እስኪሞቱ ድረስ አስታመሟቸው። ኧርነስት ባለፈው ጸደይ ሞቱ። ሕጉ፣ ሚስ ቻውድሪ እንዳስረዱን፣ እንዲህ ባለው የቆየ ኪራይ ተከራዩ ሲሞት አንድ ዓመት ሙሉ አብሮት የኖረ የቤተሰብ አባል ቤቱን ይወርሳል ይላል። ግልጽ ነው። እኔ እንኳን ገብቶኛል።

በእርስዎ ፊርማ በወጣው ደብዳቤ ላይ ግን ሚስስ ታታርሶል «አልፎ አልፎ የሚመጡ ጎብኚ» ተብለዋል። ወንድማቸውን ሲያጥቡ፣ ሲያጎርሱ፣ አንሶላ ሲቀይሩ፣ ሌሊት ሲያስላቸው ደግፈው ሲያስቀምጡ፣ ለካስ እየጎበኙ ኖሯል። እንዲህ ያለው ጉብኝት ከተስፋፋ ከተማችን በቱሪዝም ትከብራለች።

ማስረጃዎ ደግሞ ፖስታቸው የሚደርሰው በእህታቸው ልጅ አድራሻ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ያደረጉት እኮ የፈርንሊ ኮርት የፖስታ ሣጥኖች በራቸው ተገንጥሎ፣ ደብዳቤው ሁሉ ከደረጃው ሥር ዝናብ ሲበላው ስላዩ ነው። ሣጥኖቹን መጠገን የማን ሥራ እንደሆነ ጠይቄ ነበር። የምክር ቤቱ ነው አሉኝ። ሣጥኑን ሳይጠግኑ ከርመው፣ ሴትዮዋ ፖስታቸውን ሌላ ቦታ ሲያስልኩ «አያችሁ፣ እዚህ አይኖሩም» ማለት፣ ይህ ተራ ጭንቅላት የሚያፈልቀው ነገር አይደለምና እጅ ነሥቻለሁ። ይመሰክሩላቸው የነበሩት ጎረቤቶችም ቀድመው እንዲወጡ ተደርገው በየከተማው ተበትነዋል። ሚስስ ታታርሶል ሐሙስ ካሸነፉ ቤታቸው ነው። ከተሸነፉ የሚጠብቃቸው በሌላ ከተማ፣ በአንድ መጠለያ ውስጥ፣ ማንንም በማያውቁበት ኮሪደር ላይ ያለ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ካርታው አመሰግናለሁ። ክፍሏ ስትዘጋ ጥቂት ሰዎች ካርቶን ላይ «ጠበቃችንን መልሱልን» ብለን ጽፈን አደባባዩ ላይ ቆምን። ወዲያው የምክር ቤቱ ደንብ አስከባሪ ኔቪል ኢንትዊስል መጥቶ ትእዛዙን ከነካርታው አሳየን። ካርታው ላይ ያለው ቀይ መስመር አደባባዩን ይከባል፣ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ይወስዳል፣ የምክር ቤቱን በር ያቅፋል። ባለ ገንዘቦቹ ከሚውሉበት ከጎልፍ ክበቡ አጥር ሲደርስ ግን የጋለ ምድጃ እንደነካ ጣት ፈጥኖ ይመለሳል። በጎልፍ ክበቡ ውስጥ ከሁለት በላይ ሆነው የጋራ ሐሳብ የሚገልጹ ሰዎች እንደሌሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ካሉም ሐሳባቸው ምን እንደሆነ ከፈርንሊ ኮርት ጣሪያ ላይ ሆኖ መገመት ይቻላል።

ሚስ ቻውድሪ ደግሞ ትእዛዙን እንድታወጡ ሥልጣን የሚሰጣችሁ ያው ሕግ ራሱ፣ ትእዛዝ ስታወጡ ሐሳብን ለመግለጽና ለመሰብሰብ መብት ልዩ ትኩረት ስጡ ብሎ እንደሚያዝዝ ነገሩን። ልዩ ትኩረት እንደሰጣችሁት አልጠራጠርም። ነብርም ለፍየሏ ልዩ ትኩረት ይሰጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ፣ ይታገሡኝ። በቴሌቪዥን ክራባት ያሰሩ ሰዎች እየቀረቡ ከአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት እንውጣ፣ ስምምነቱን ከሚያስከብረው ከስትራስቡርግ ፍርድ ቤት እንገላገል፣ መብት መብት የሚሉት ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰዎችና ወንጀለኞች ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ሰው በጣም ሲቸኩልልኝ እጠረጥራለሁ። በር ላይ ቆሞ «ይህን ወረቀት አታንብበው፣ ብቻ ፈርም» የሚል ሻጭ ስንቱን አይተናል! ስለዚህ ሚስ ቻውድሪን ለምኜ ጽሑፉን ተውሼ አነበብኩት። ስምንተኛው አንቀጽ ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ፣ የቤተሰቡ ሕይወትና መኖሪያ ቤቱ ሊከበርለት ይገባል ይላል። ሌላው መሰብሰብ ይቻላል ይላል። ሌላው ያለ አድልዎ መዳኘት ይገባል ይላል። አገላብጬ ፈለግኩ፣ «ለወንጀለኞች ብቻ» የሚል የለውም። ይባስ ብሎ ከጦርነቱ በኋላ ጽሑፉ ሲረቀቅ የኛው አገር የሕግ ሰዎች ብዕር ይዘው እንደነበሩ ሰማሁ። የራሳችንን ዕቃ ነው እንግዲህ የባዕድ ነው ብላችሁ ጣሉት የምትሉን።

ስምንተኛውን አንቀጽ ለሚስስ ታታርሶል ባነበብኩላቸው ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ውይ! እኔ እኮ ለነዚያ ለሌሎቹ ሰዎች መስሎኝ» አሉ። ከዚህ ከተማ ወጥተው የማያውቁ፣ የእርስዎን ልጆች ጨምሮ የስንቱን ልጅ ያበሉ ሴት፣ ሕግ ቤታቸውን እንደሚያከብርላቸው ሲሰሙ ደነገጡ። መብት የሌላ ሰው ነው ብለው እንዲያምኑ ማን እንዳደረጋቸው አላውቅም። ግን ያመኑት ሰው ብዙ ከሆነ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ እገምታለሁ።

ሦስተኛ፤ ወደ ወረፋው ልምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። ቅዳሜ ጠዋት ሚስ ቻውድሪ ተጣጣፊ ወንበር ይዘው መጥተው ከአደባባዩ ሰዓት ሥር ተቀመጡ። ከፊታቸው አንድ ባለጉዳይ። ሁለት ሰው፤ ትእዛዙ የሚፈቅደው ይህንኑ ነው። ሌላው ባለጉዳይስ? ሌላው ከኋላ ተራውን ይጠብቃል። ስብሰባ አይደለም፣ የጋራ ሐሳብ የለም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ችግር ይዞ የፊተኛውን ማጅራት እያየ ይቆማል። ይህን ዘዴ ማን እንዳፈለቀው አላውቅም። ሰውየው ግን ሐውልት ይገባዋል፤ ኮኑን ራሱ ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ሚስስ ታታርሶል፣ ከኋላቸው ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር ሚስተር ክሌግ፣ ከዚያ እኔ ነበርን። የኛ አገር ሰው ደግሞ ወረፋ ካየ እግሩ አያስችለውም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። አንዲት ሴትዮ ጋሪያቸውን እየገፉ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ምን ሊሰጥ ነው?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ እቴ» አሉ ሚስተር ክሌግ፣ «ግን እየሄደ ነው።»

እየሄደ ነው ከተባለ በቃ። ከኋላቸው አንድ ባልና ሚስት መጡ፣ ከዚያ ሦስት ነርሶች፣ ከዚያ ውሻ የያዘ ሰው። ምሳ ሰዓት ላይ ጭራው ሥጋ የተሞላ ሊጥ ጋግሮ ከሚሸጠው ከፓይ ቤቱ በር ደርሶ፣ ፓይ ለመግዛት የመጣው ሁሉ የኛ ወረፋ ውስጥ ተጠልፎ ቀረ። ሰው ሲቆም ያወራል፣ ሲያወራ ችግሩ ይወጣል፣ ተራው ሲደርስ ለካስ ችግሩ ጠበቃ የሚያስፈልገው ኖሮ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ለፓይ መጥቶ ሕግ ይዞ የሄደው ሰው ቀላል አይደለም።

ያን ጊዜ ነው ኔቪል ከነቢጫ ሰደርያው የደረሰው።

«ይሄ ተቃውሞ ነው?» አለ።

«ምን ተቃውሞ? ወረፋ ነው እንጂ፣ ዓይን የለህም እንዴ?» አሉት ሚስተር ክሌግ።

«ማን ነው መሪው?»

«ወረፋ ምን መሪ አለው! ከፊት ያለው ነዋ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ልለፍና ከፊት ያሉትን ላነጋግር» ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ክቡር ሆይ፣ ፖሊስ በፈረስ ቢመጣ እንዲህ ያለ ቁጣ አይነሣም ነበር። ወረፋው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ አየው። «ልለፍ? ምን ማለት ነው ልለፍ?» አለች አንደኛዋ ነርስ። «እኛ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የተተከልን አጥር መሰልንህ?» አለ ባለ ውሻው። ባለ ጋሪዋ ሴትዮ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያ ነው የገደለው፣ «የኔ ልጅ፣ እናትህን አውቃታለሁ። እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችህ?» አሉት።

ኔቪል እስከ ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ከፓይ ቤቱ በር ላይ ወረፋውን ያዘ። በሕግ የተከለከለውን ስብስብ ለመበተን ተራውን ጠበቀ። እኔ በዚህ አገር መወለዴ ያን ቀን ነው በእውነት ያኮራኝ።

ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ኮሌታውን ቀና አድርጎ ባለበት ቆመ። ተራቸው ካለፈ በኋላ ያልሄዱት ሚስስ ታታርሶል ከፔርሙሳቸው ሻይ እየቀዱ ለቆመው ያድሉ ነበር። በመጨረሻ የኔቪል ተራ ደረሰ። ሚስ ቻውድሪ ቀና ሳይሉ «ቀጣይ! ምን ልርዳህ?» አሉት።

ያን ሁሉ ጊዜ ተራ ጠብቆ «ተበተኑ» ብሎ መመለስ ለእሱም የከበደው መሰለኝ። «እኔ እንኳ… ምንም… ማለቴ…» አለ።

ሚስስ ታታርሶል አዩት። «ኔቪል! አንተ ነህ እንዴ? ውይ በስብሰሃል። እንካ፣ ሁለት ስኳር አይደል የምትወደው?»

ሚስ ቻውድሪ አሁን ቀና አሉ። «ትተዋወቃላችሁ?»

«እንዴት አንተዋወቅ!» አለ ኔቪል፣ የሚናገረው ምን እንደሚያመጣ ሳይገባው፣ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ። «ሊፍቱ የተበላሸ ጊዜ ሚስተር ኧርነስትን ከነወንበራቸው ተሸክመን ወደ አምቡላንሱ ያወረድናቸው እኔና እሳቸው አይደለን? በቤት ጫማቸው እኮ ነበሩ፣ ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ! በዚያ በኩል በዞርኩ ቁጥር ሻይ የሚሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በረንዳቸው ላይ የገና መብራት የሰቀልኩላቸውም እኔ ነኝ።»

«የአምናውን ገና?»

«ኧረ የካቻምናውን! አምና አምፖሉን ብቻ ነው የቀየርኩላቸው።»

ሚስተር ክሌግ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። ባለ ጋሪዋ ሴትዮ «ወይ ጉድ» አሉ። ሚስ ቻውድሪ በጣም በቀስታ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃባቸው እንደሚፈራ ሰው፣ «ይህንን ሐሙስ ዳኛው ፊት ትለዋለህ?» አሉት።

ኔቪል ደረቱ ላይ ያለውን የምክር ቤቱን መታወቂያ አየ። «እኔ እኮ የምክር ቤቱ ሠራተኛ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ምክር ቤቱ እውነት ያመዋል?» አሉት ሚስተር ክሌግ።

ኔቪል ሻዩን እስከ ታች ጠጣው። ጽዋውን ለሚስስ ታታርሶል መለሰ። «ጎብኚማ በቤት ጫማ አይወጣም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «እለዋለሁ።»

አራተኛ፤ ከዚያ በኋላ ስለተደረገው ፍጥነት አመሰግናለሁ። የፖስታ ሣጥን ለመጠገን ዓመታት የሚወስድበት ምክር ቤት በዚያው ሳምንት ኔቪልን ከአደባባዩ አንሥቶ ከከተማ ውጭ ባለው የመቃብር ስፍራ በር ላይ መደበው። እዚያ ከሁለት በላይ የተሰበሰበ ሰው የለም ማለት አይደለም፤ የተሰበሰቡት ግን ሐሳብ አይገልጹም። ሐሙስ ዕረፍቱ የነበረ ሲሆን ፈረቃው ተለውጦ ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እንዲውል ታዟል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ወረፋን የሚከለክለው ማሻሻያ ከድመቷ ጀርባ ተለጠፈ። በዚያው ሳምንት አንድ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ከፓይ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ከጋዜጣ በላይ እያጮለቀ ያየን ጀመር። ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ነው የያዘው። ሄጄ አቃናሁለት፣ ፓይም ገዝቼ ሰጠሁት፣ አመስግኖ በላ። ማን እንደላከው አልጠየቅኩትም፤ አፉ ሞልቶ ነበር።

እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ማያያዝ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። አላያያዝኳቸውም። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ እነሱ ራሳቸው ተያይዘው አገኘኋቸው።

ለማንኛውም ስለ ኔቪል አይጨነቁ። ሚስ ቻውድሪ የፍርድ ቤት መጥሪያ አስወጥተውለታል። ፈረቃ ከመጥሪያ እንደማይበልጥ፣ ምስክርን ማስፈራራትም በራሱ ምን እንደሚባል ለአለቃው በትሕትና ተጽፎለታል። ኔቪል ሐሙስ ይመጣል። ሙታኑ አንድ ቀን ያለ ጠባቂ ይውላሉ።

ስለ ማሻሻያው የተጠየቅኩትን አስተያየት ደግሞ ልስጥ። «ምክንያቱ በግልጽ የማይታይ ወረፋ» የሚለውን እባክዎ ደግመው ያስቡበት። ከአደባባዩ ጥግ ያለው ፌርማታ ላይ ሕዝቡ በየጠዋቱ ይቆማል፤ የሚቆምበት ምክንያት አውቶቡሱ ነው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ታይቶ አይታወቅም። ከሐኪም ቤቱ በር የሚቆሙት ምክንያታቸው ሐኪም ነው፣ ሐኪሙንም ያየው የለም። በዚህ አያያዝ ከሰኞ ጀምሮ ግማሹ ከተማ ወንጀለኛ ነው። የተቀጣው ሰው ቅጣቱን ለመክፈል ራሱ ወረፋ መያዝ ሲኖርበት ደግሞ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፤ የእርስዎ ቢሮ ያስብበት።

የምለምንዎ ጥቂት ነው። ማሻሻያውን ይተዉት፣ ወይም ቢያንስ ሐሙስ እስኪያልፍ ያቆዩት፤ ሚስስ ታታርሶል ከጠበቃቸው ጋር የሚገናኙበት ሌላ ቦታ አልቀረላቸውምና። ኔቪልን ወደ አደባባዩ ይመልሱት። ሚስስ ታታርሶልንም በቤታቸው ይተዉአቸው። ጎብኚ ናቸው የሚለውን ደብዳቤ ከፈረሙ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ደረጃውን ወጥተው በሩን አንኳኩተው ቢሆን ኖሮ ማን እንደሚከፍትልዎ ባወቁ ነበር። ሊፍቱ አሁንም ስለማይሠራ አልፈርድብዎትም።

በእርስዎ ዘመን ያልተከለከለ አንድ ነገር እስከሚቀር ድረስ ያንኑ በማድረግ የማገለግልዎ፣ ይህንን ደብዳቤ ብቻዬን፣ ከማንም ጋር ሳልሰበሰብ፣ አንድም የጋራ ሐሳብ ሳልገልጽ፣ ከኋላዬም ማንም እንዳይቆም በየጊዜው እየዞርኩ እያየሁ የጻፍኩ፣ ታዛዥዎ

ጄድ ሃርግሪቭዝ
ከግሪምስዌት

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፤

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ጥሩ ኮት የለበሱ ሰው ከፓይ ቤቱ በር፣ ከቅዳሜ ወዲህ በየቀኑ በቀጠለው ወረፋችን ውስጥ ገቡ። ለፓይ መስሏቸው ነው። እኔና ሚስተር ክሌግ ከኋላቸው ነበርን። ዝናብ ሲጀምር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ለነበሩት አሮጊት አጋሯቸው፤ ጨዋ ሰው ናቸው። እየተጠባበቁ ሲያወሩም መኪናቸውን ከፈርንሊ ኮርት ሥር እንደሚያቆሙ፣ ርግብ ጨርሶ እንዳበላሸባቸው ተናገሩ። «ከላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ናት!» አሉ፤ «ጋዋኗን ለብሳ በየጠዋቱ በረንዳው ላይ ወጥታ ዳቦ ትበትንላቸዋለች። ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም!» አሮጊቷ በሐፍረት ቀልተው «አይ፣ ደግ አላደረገችም» አሏቸው። ከዚያ የሰውየው ስልክ ጠራና ፓዩን ሳይበሉ ሄዱ።

ሚስስ ታታርሶል ስለ ርግቦቹ ይቅርታ ይጠይቁዎታል፤ ስለ ጃንጥላውም ያመሰግናሉ። ማን እንደሆኑ ነግሬያቸው አላመኑኝም። ሚስ ቻውድሪ ግን አምነውኛል፣ እኔና ሚስተር ክሌግም የሰማነውን ፈርመንላቸዋል። ሕጉ የሚፈልገው አንድ ዓመት ነበር፤ እርስዎ ሦስት ሰጥተዋቸዋል። የእርስዎም መጥሪያ በመንገድ ላይ ነው። ሐሙስ ሲመጡ እባክዎ በጊዜ ይምጡ፤ ለመመስከር ተራዎ ከኔቪል ቀጥሎ ነው።